ውጤት አልንቀሳቀስ ሲል

በ2017 ዓ.ም. የካቲት ወር አጋማሽ ላይ፣ የ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ የነበረችው የእህቴ ልጅ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤቴ መጣች። ቡናው እስኪፈላ እንኳ አልታገሠችም፤ ከቦርሳዋ ደብተር አውጥታ ፊቴ ዘረጋችው። በገጹ ላይ ስምንት ቁጥሮች በቀይ እስክሪብቶ ተደርድረዋል፤ 29፣ 33፣ 27፣ 31፣ 26፣ 34፣ 30፣ 30። እያንዳንዳቸው 50 ጥያቄ ካላቸው የፊዚክስ ሞዴል ፈተናዎች ያገኘቻቸው ውጤቶች ናቸው። የመጀመሪያውን የሠራችው በኅዳር መጨረሻ ሲሆን ስምንተኛውን የሠራችው በዚያው ሳምንት ነበር።

«ጋሼ፣ ሦስት ወር ሙሉ በቀን አራት ሰዓት አጥንቼ ውጤቴ አልንቀሳቀስ አለ» አለችኝ። «የመጀመሪያዎቹ አራቱ ድምራቸው 120 ነው። የመጨረሻዎቹ አራቱም 120 ናቸው። ጭንቅላቴ የሚችለውን ያህል ይዞ ጨርሷል መሰለኝ።» ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ዘንድሮ ተፈትና ቤተሰቧን ከምታሳፍር ትምህርቱን አቋርጣ በሚቀጥለው ዓመት በግል ብትፈተን እንደሚሻል ማሰቧን ነገረችኝ። ለእናቷ ገና አልተናገረችም።

ሐሳቧን የሕፃን ሐሳብ ነው ብሎ ማጣጣል አይቻልም። እንደሚታወቀው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነዋል። እነዚህን ቁጥሮች ይዞ ለሚያድር የ18 ዓመት ወጣት፣ ለሦስት ወራት በአንድ ቦታ የቆመ ውጤት እንደ ፍርድ ሊታየው ይችላል። ይሁን እንጂ ያ ደብተር የያዘው ፍርድ ሳይሆን ልኬት ነው። ስለ ልኬት ደግሞ የፊዚክስ ሰው አንድ ሁለት ነገር ማለት አያቅተውም።

እውነቱን ለመናገር፣ በቅድሚያ አፌ ላይ የመጣው የበረዶው ምሳሌ ነበር። ከዜሮ ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ በረዶ ምድጃ ላይ ሲጣድ ቴርሞሜትሩ ቀስ በቀስ እስከ ዜሮ ይወጣል፤ ከዚያም በረዶው ቀልጦ እስኪያልቅ ድረስ ይቆማል። ምድጃው ሙቀት መስጠቱን አላቆመም፤ ሙቀቱ የሚውለው ግን የበረዶውን ቅንጣቶች ከትስስራቸው ለማላቀቅ ነው። አንድ ኪሎ ግራም በረዶ ለማቅለጥ 334 ኪሎ ጁል ያህል ያስፈልጋል፤ በዚህ ሙቀት ያንኑ አንድ ኪሎ ግራም ውሃ ከዜሮ ወደ 80 ዲግሪ ገደማ ማድረስ ይቻላል። ስኮትላንዳዊው ጆሴፍ ብላክ በ1760ዎቹ መጀመሪያ ግላስጎው ውስጥ ይህን ሲደርስበት ሙቀቱን ስውር ብሎ የጠራው ቴርሞሜትር ስለማያየው ነው።

ምሳሌው ያማረ ነው፤ በዚህም ምክንያት እፈራዋለሁ። «ውጤትሽ ባይንቀሳቀስም በውስጥሽ በረዶው እየቀለጠ ነው» ብላት ኖሮ ደስ ብሏት ትሄድ ነበር። ነገር ግን ምድጃው ቢጠፋስ? በረዶና ውሃ የተቀላቀሉበት ዕቃ ሙቀት ወደ ውስጡ ባይገባም ወደ ውጭም ባይወጣ ቴርሞሜትሩ ያው ዜሮ ላይ ነው። የቆመ ቴርሞሜትር ብቻውን እየቀለጠ ያለውን በረዶ እሳት ከጠፋበት በረዶ አይለይም። ስለዚህ ማጽናኛውን ዋጥ አድርጌ ወረቀትና እርሳስ አነሣሁ።

የመለኪያው ነገር

ለዶክትሬት ትምህርት ውጭ አገር በነበርኩበት ጊዜ አማካሪዬ አንድ የማይለዋወጥ ልማድ ነበራቸው። የላብራቶሪ ውጤት ይዤላቸው ስሄድ ቁጥሩን ከማየታቸው በፊት «ሲደመር ሲቀነስ ስንት?» ብለው ይጠይቁኛል። መልስ ከሌለኝ ወረቀቱን ሳያነቡ ይመልሱታል። በጊዜው ይህ ክፋት ይመስለኝ ነበር።

ለመሆኑ 50 ጥያቄ ያለው ፈተና ሲደመር ሲቀነሱ ስንት ነው? አንድ ተማሪ በአማካይ ከ100 ጥያቄ 60ውን የመመለስ አቅም አለው እንበል። ከዚያ ሰፊ የጥያቄ ክምችት 50 ጥያቄ በዕጣ ወጥቶ ቢሰጠው ሁልጊዜ 30 አያገኝም፤ አንዳንዴ የሚያውቃቸው ይበዙለታል፣ አንዳንዴ ያንሱበታል። የመዋዠቁ መጠን፣ ማለትም ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ፣ የ50 × 0.6 × 0.4 ስኩዌር ሩት ነው፤ ይህም የ12 ስኩዌር ሩት፣ ወደ 3.5 ገደማ ይሆናል። በሌላ አነጋገር የተማሪው ዕውቀት ምንም ሳይለወጥ ከሦስት ፈተናዎች በሁለቱ ያህል ውጤቱ ከ26.5 እስከ 33.5 ባለው ወሰን ውስጥ ይወድቃል፤ በቀሪው ከዚያ ይወጣል። የእህቴን ልጅ ስምንት ቁጥሮች ተመልከቱ። ስድስቱ በዚህ ወሰን ውስጥ ናቸው፤ 26 እና 34 ብቻ ጥቂት ወጣ ብለዋል። 34 ባገኘችበት ቀን ለጓደኞቿ ለስላሳ ጋብዛ፣ 26 ባገኘችበት ቀን እራት ሳትበላ መተኛቷን ነግራኛለች። ሁለቱም ቀኖች የዕጣ ሥራ ሊሆኑ ይችላሉ።

የአራት ፈተና አማካይ ይሻላል፤ መዋዠቁ በግማሽ ቀንሶ ወደ 1.7 ይወርዳል። ሁለት አማካዮችን ስናወዳድር ግን የሁለቱም ስሕተት ይደመራልና ወደ 2.5 ይመለሳል። እዚህ ላይ የምርጫ ጥያቄ የራሱ ተንኮል አለው። አራት አማራጭ ያለውን ጥያቄ የማያውቅ ሰው በግምት ከአራት አንዱን ያገኛል። ከ50 ጥያቄ 30 ያገኘች ተማሪ በእርግጥ የምታውቀው 23 ያህሉን ሲሆን፣ ቀሪዎቹን 27 ገምታ ወደ 7 ያህሉ ቀንተዋታል ማለት ነው። አሁን ሦስት ተጨማሪ ጥያቄ የሚያሠራ ዕውቀት ብታገኝ ውጤቷ በሦስት አያድግም፤ ቀድሞ ከሦስቱ ጥቂቱን በግምት ታገኝ ነበርና የሚጨመርላት 2.25 ያህል ብቻ ነው። ይህ ጭማሪ ደግሞ ከመለኪያው መዋዠቅ ያንሳል። ሦስት ጥያቄ የሚያህል ዕውቀት ጨምራ ቢሆን እንኳ ያ ቀይ ዝርዝር ሊያሳየን አይችልም ነበር። በዚያ ላይ ሞዴል ፈተናዎቹ የመጡት ከተለያዩ ትምህርት ቤቶች ስለሆነ የክብደታቸው መጠን አንድ አይደለም፤ ስምንት ጊዜ የለካችው በስምንት የተለያዩ ቴርሞሜትሮች ነው።

«እንግዲያው እያደግሁ ነው ማለት ነው?» ብላ ዓይኖቿ በሩ።

«አላውቅም» አልኳት። «አንቺም አታውቂም። ያወቅነው መለኪያው እንደማያውቅ ብቻ ነው።»

የቴሌግራፍ ሠራተኞች

የመማር መንገድ ላይ የሚያጋጥመው መቆም በሳይንስ መጠናት የጀመረው ባልተጠበቀ ቦታ ነው። በአሜሪካ የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲው ዊሊያም ብራያን፣ ቀድሞ የቴሌግራፍ ሠራተኛ ከነበረው ኖብል ሃርተር ጋር ሆኖ፣ ሞርስ ኮድ የሚማሩ ሰዎችን ፍጥነት በየሳምንቱ እየለካ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1897 እና በ1899 ባወጧቸው ጥናቶች እንደሚታየው መልእክት የመላክ ፍጥነት ሳይቋረጥ ያድጋል። የመቀበል ፍጥነት ግን ከተወሰነ ከፍታ በኋላ ለሳምንታት ሜዳ ላይ እንደ ወጣ መንገድ ይረጋና ከዚያ እንደገና ሽቅብ ይወጣል። የሰጡት ማብራሪያ፣ ተማሪው መጀመሪያ ፊደል በፊደል፣ ቀጥሎ ቃል በቃል፣ በመጨረሻም ሐረግ በሐረግ እንደሚሰማ፣ ከታች ያለው ልማድ ያለ ሐሳብ መሠራት እስኪችል ድረስ ግን ላይኛው ሊገነባ እንደማይችል ነው። በቄስ ትምህርት ቤት ከፊደል ቆጠራ ወደ ግዕዝ፣ ከዚያ ወደ ውርድና ወደ ቁም ንባብ የሚያልፍ ልጅ ይህን በራሱ ያየዋል፤ ፊደሉን እየፈለገ ያለ ልጅ የቃሉን ዜማ ሊጠብቅ አይችልም።

ይህ ታሪክ በብዙ የሥነ ልቦና መጻሕፍት ውስጥ ሲጠቀስ ኖሯል። ብዙ ጊዜ የማይጠቀሰው ቀጣዩ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአሜሪካ ጦር ሠራዊት የሞርስ ኮድ ማስተማሪያ ዘዴ ያዘጋጀው ፍሬድ ኬለር እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመው ጽሑፍ ያን ሜዳ የሌለ ጥላ ነው እስከ ማለት ደርሷል። መቆም የመማር የማይቀር ሕግ አይደለም፤ ሜዳው መታየት አለመታየቱ ሰው በሚማርበትና በሚለካበት መንገድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። በእኔ ግምት ለተማሪ የሚጠቅመው የኬለር ንግግር ነው። ሜዳው የማይቀር ከሆነ ታግሦ ማለፍ ብቻ ነው የሚቀረው። የማይቀር ካልሆነ ግን የምንሠራውን ነገር መመርመር አለብን።

የሚመረመረውም የጥያቄ ብዛት አይደለም። ከሶል ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ኡንሱክ ኪም እና ሱንግ ጄ ፓክ እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጡት ጥናት ይህን በጥሩ ሁኔታ ያሳያል። ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ሲዘጋጁ እያንዳንዳቸው ከ300 እስከ 2,900፣ በአማካይ 1,500 ያህል የፊዚክስ ጥያቄ የሠሩ 27 ተማሪዎችን ወስደው የሜካኒክስ መሠረታዊ ጽንሰ ሐሳብ ምን ያህል እንደገባቸው ፈተኗቸው። በሠሩት ጥያቄ ብዛትና በመረዳታቸው መካከል የተገኘው ግንኙነት እጅግ ደካማ ነበር። ሺህ ጥያቄ ሠርቶ ያው የተሳሳተ ግንዛቤ እንደያዙ መቀጠል ይቻላል።

ሌሎች ሁለት ውጤቶች ደግሞ መለኪያው እንዴት እንደሚያታልል ይነግሩናል። ሮዲገርና ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ተማሪዎችን በሁለት መንገድ አስጠኑ። አንዱ ቡድን አጭር ጽሑፍ ደጋግሞ አነበበ፤ ሌላው አንድ ጊዜ ካነበበ በኋላ ወረቀቱን ዘግቶ ያስታወሰውን ሦስት ጊዜ ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት 83 በመቶ፣ ራሳቸውን የፈተኑት 71 በመቶ አስታወሱ። ከሳምንት በኋላ ነገሩ ተገለበጠ፤ 40 በመቶ በተቃራኒው 61 በመቶ። በቀጣዩ ዓመት ሮረርና ቴለር በሒሳብ ተመሳሳይ ነገር አገኙ። የጠጣር ቅርጾችን ይዘት ማስላት የሚለማመዱ ተማሪዎች አንዱን ዓይነት ጨርሰው ወደ ሌላው ሲሄዱ በልምምዱ ወቅት 89 በመቶ ያገኙ ሲሆን፣ ዓይነቶቹ ተደባልቀው የቀረቡላቸው ግን 60 በመቶ ብቻ አገኙ። ከሳምንት በኋላ በተሰጠው ፈተና የመጀመሪያዎቹ 20 በመቶ፣ ሁለተኛዎቹ 63 በመቶ አመጡ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በፈተና ላይ «ይህ የምዕራፍ አራት ጥያቄ ነው» ብሎ የሚነግር የለም፤ ዘዴውን መምረጥ ራሱ ግማሹ ሥራ ነው፤ ተደባልቆ ያልተለማመደ ሰው ደግሞ ይህን ግማሽ አንድም ቀን አልሠራውም። ስለዚህ በጥናት ክፍል ውስጥ የሚያድግ ውጤት ዕድገት ላይሆን ይችላል፤ በጥናት ክፍል ውስጥ የሚያስቸግር ጥናት ደግሞ የሚጸናው ሊሆን ይችላል።

160 ስሕተቶች

ወደ ደብተሩ እንመለስ። ስምንት ፈተና 400 ጥያቄ ነው፤ 240 ተመልሰዋል፤ 160 ተስተዋል። የእህቴ ልጅ 240ውን በቀይ ጽፋ ስታዝን 160ዎቹን አንድም ቀን ሰብስባ አላየቻቸውም ነበር። ከእያንዳንዱ ፈተና በኋላ የመልስ ማብራሪያውን ታነባለች፣ «አሃ ገባኝ» ትላለች፣ ወደ ቀጣዩ ወረቀት ታልፋለች። እኔም በ1991 ዓ.ም. ለማትሪክ ስዘጋጅ የማደርገው ይህንኑ ነበር፤ እንዲያውም በኩራዝ ብርሃን እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት እያነበብኩ ሰዓቱን እንደ ዕውቀት እቆጥረው ነበር። መምህር ከሆንኩ በኋላም ለብዙ ዓመታት ውጤቱ ለቆመበት ተማሪ የምሰጠው ምክር «ጠንክር» የሚል ብቻ እንደነበር ሳስበው አፍራለሁ።

በሁለት ቅዳሜዎች 160ዎቹን አንድ በአንድ አየናቸው። ሕጋችን ማብራሪያው ተሸፍኖ እንደገና እንድትሞክራቸውና የተሰናከለችበትን መስመር በአንድ ዐረፍተ ነገር እንድትጽፍ ነበር። «አልቻልኩም» ብሎ መጻፍ አይፈቀድም። ከችኮላና ከድካም የመጡት ከጠበቅነው በላይ ጥቂት ሆኑ። እውነተኛ የ12ኛ ክፍል ትምህርት የጎደለባቸውም ቢሆኑ 50 አይሞሉም። ሰባ ያህሉ ሥራቸው ወደ 9ኛና ወደ 10ኛ ክፍል የሚወርድ ነበር፤ ቬክተርን ወደ ሁለት አቅጣጫ መክፈል፣ የግራፍን ተዳፋት ማንበብ፣ ርቀት እጥፍ ሲሆን ኃይል ለምን ወደ ሩብ እንደሚወርድ፣ ሴንቲ ሜትርን ወደ ሜትር መቀየር። የኤሌክትሪክ ጥያቄ መስሎ የቀረበው ስሕተት የሳይንና የኮሳይን ስሕተት ሆኖ ተገኘ። እነዚህን ሳታስተካክል ዘጠነኛና ዐሥረኛ ሞዴል ብትሠራ ኖሮ በዚያው ቦታ መሰናከሏ አይቀርም ነበር፤ እሳቱ ጠፍቶ የነበረው እዚህ ላይ ነው።

አንዱን ስሕተት ለብቻው ማንሣት እፈልጋለሁ፤ በዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪዎች ዘንድም በየዓመቱ የማየው ነውና። ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ጫፍ ላይ ሲደርስ ሽምጠቱ፣ ተማሪዎች በእንግሊዝኛው ስሙ አክስለሬሽን የሚሉት፣ ስንት ነው? በመጀመሪያው፣ በአራተኛውና በሰባተኛው ፈተና ላይ በተለያየ መልክ መጥቶ ሦስቱንም ጊዜ «ዜሮ» ብላ መልሳለች። ሦስቱንም ጊዜ የመልስ ማብራሪያውን አንብባ ገብቷታል! ይህን ጊዜ ማብራሪያ አልሰጠኋትም። «ፍጥነቱም ዜሮ፣ ሽምጠቱም ዜሮ ከሆነ በሚቀጥለው ሰከንድ ድንጋዩ የት ይሆናል?» ብዬ ጠየቅኋት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያም ጣሪያውን እያየች «እዚያው አየር ላይ ተሰቅሎ ይቀራላ» አለች፤ ሣቀችም። ፍጥነት ለቅጽበት ዜሮ ቢሆንም የመሬት ስበት እረፍት አይወስድም፤ ሽምጠቱ ጫፍ ላይም እንደ ሌላው ቦታ ሁሉ ወደ ታች 9.8 ሜትር በሰከንድ በሰከንድ ነው። ይህን ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ስታ አታውቅም።

የ9ኛ ክፍል መጽሐፍ መልሳ እንድትከፍት ሳሳስባት ግን ከባድ ተቃውሞ ገጠመኝ። «ጓደኞቼ የ12ኛ ክፍል ዎርክሺት እየጨረሱ እኔ የ9ኛ ክፍል ይዤ ልታይ?» መጽሐፉን በጋዜጣ ሸፈነችው፤ ይህ ሙሉ በሙሉ ተቀባይነት ያለው መፍትሔ ነው። ሌሊቱን በጫትና በቡና ስለማሳለፍም ተነጋግረን ነበር። በዚህ ላይ ብዙ አልልም፤ ቀን የተጠናው በአእምሮ የሚጸናው በእንቅልፍ ጊዜ ጭምር ስለሆነ፣ የሌሊቱን እንቅልፍ ሠውቶ የሚያጠና ሰው የቀኑንም ድካሙን እያፈሰሰው ነው።

መለኪያም ለወጥን። በየሳምንቱ ሞዴል መሥራቷን ትታ፣ ከ160ዎቹ ውስጥ 20 ያህሉን በዕጣ እያወጣች፣ ቁጥራቸውን ለውጣ፣ ምዕራፋቸውን ሳታይ ትሠራለች። ሙሉ ሞዴል ፈተና በወር አንድ ጊዜ ብቻ ሆነ፤ ዓላማውም ሰዓት አጠቃቀም ለመለማመድ እንጂ ራሷን ለመመዘን አይደለም። የመጀመሪያው ሳምንት ከ20 ያገኘችው 5 ነበር። በመጋቢት መጨረሻ ዘጠነኛውን ሞዴል ሠርታ በስልክ ደወለችልኝ፤ 28 አግኝታለች። ልትከፋ እንደሞከረች ድምፅዋ ያስታውቃል። «ከሃያዎቹስ?» አልኳት። «12» አለች። ግንቦት ላይ 16 ደረሰች። ትምህርት የማቋረጡን ነገር እንደገና አላነሣችውም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

ፈተናውን ተፈትና ውጤቱ በመስከረም ሲለቀቅ የፊዚክሱ 62 ከመቶ ሆኖ መጣ፤ አጠቃላይ ውጤቷም ከግማሽ በላይ ነበር። በዚያው ምሽት ከእናቷ ጋር ቤቴ መጡ። እናቷ ለምስጋና ዳቦ ደፍታ ይዛ ነበር። ልጅቱ ግን ቀዩን ደብተር አውጥታ አራተኛውን ቁጥር በጣቷ አሳየችኝ።

«ጋሼ፣ 62 ከመቶ ማለት ከ50 31 ነው። ያኔም 31 አግኝቼ ነበር።»

የተለያየ ቴርሞሜትር መሆኑን ላስረዳት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ። «ያውም» አለች፣ «ሲደመር ሲቀነስ 3.5።»